ሁለት ምስክር ባለበት፦ ከገለጉ ስለ ሕግ ትምህርት ቤት በር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ከቋራ ወረዳ መቀመጫ ከገለጉ ነው። ጉዳዩ አንድ ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጓደኞቹ ፊት ሆኖ የዘለቀ፣ በካርዱ ላይ «ደረጃ» በሚለው ሣጥን ውስጥ በየመንፈቁ አንደኛ ወይም ሁለተኛ እየተባለ የተጻፈለት፣ በአገር አቀፉ ፈተና ግን ሃምሳ ከመቶ ያልሞላለት ተማሪ ሕግ ልማር ቢል በምን ይመዘን? ዛሬ ያለው አሠራር የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ በፈተናው ይመዘናል። የአራት ዓመቱን ካርድ የሚገልጥ የለም። እኔ የምለው ካርዱም ይገለጥ ነው። ፈተናው ይቅር አልልም፤ ለማንም ነጥብ ይጨመርለት አልልም። ሕግ የሚያስተምር ቤት ሁለት ምስክር ቀርቦለት አንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ የለበትም፤ ክርክሬ ይኸው ነው።

አስቀድመን ይህ ልጅ ብርቅ አለመሆኑን እንተማመን። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 896,520 ነበሩ፤ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,000 በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ 3.2 ከመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 ወይም 8.4 ከመቶ አለፉ። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚበጀው ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንደኛ የወጣ ተማሪ ነበራቸው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ብቻ ከ1,300 በላይ አንደኞች ከመጨረሻው ተማሪ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ «አላለፈም» ተብለው ተጽፈዋል ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ፈተናው የነገረን ስለ ትምህርት ቤቱ ነው፤ መጻሕፍቱ በጊዜው ስለ መድረሳቸው፣ የእንግሊዝኛና የሒሳብ መምህር ስለ መኖሩ፣ በሩ ስንት ወር ክፍት ስለ መሆኑ። እዚያው ውስጥ ማን ከማን ይሻል እንደነበር ግን ከሃምሳ በታች ባለው ጭለማ ውስጥ ተደባልቆ ይቀራል። ያንን የሚያውቀው ካርዱ ነው።

ሁለቱን ምስክሮች ቀረብ ብለን እንያቸው። ፈተናው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰጣል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ በወረቀት ሲሰጥ መልሱ ከአራት ፊደል አንዱን መርጦ ክቧን ማጥቆር ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ትልቅ ጸጋው ነው፤ የአዲስ አበባው ልጅም የቆላዋ የሽንፋ ልጅም አንድ ጥያቄ ያያሉ፤ አራሚው ማንንም አያውቅም። ካርዱ ደግሞ የስምንት መንፈቅ ታሪክ ነው። በየመንፈቁ የሁሉም የትምህርት ዓይነት ውጤት በየረድፉ ይሰፍራል፤ ከታች ድምር፣ አማካይ፣ ከዚያ ደረጃ፣ ቀጥሎም የቀረበት ቀን ብዛትና ጠባይ አለ። ያንን ረድፍ የሞላው አንድ እጅ አይደለም። በአራት ዓመት ውስጥ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሩ ብዙ መምህራን የየራሳቸውን ቃል አስፍረውበታል። ፈተናው ልጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደሠራ ይመሰክራል፤ ካርዱ ደግሞ ለመሥራት ምን ያህል እንደሚጸና። ሕግ ለሚማር ሰው የትኛው ይበልጣል ቢባል፣ የአምስት ዓመት ንባብ ለሚጠይቅ ትምህርት ጽናቱን የሚመሰክረውን ቃል ትቶ መሄድ አይገባም።

የገለጉ ተማሪ ፈተናው ላይ የሚቀመጠው ከምን ተነሥቶ እንደሆነ ላስረዳ። ይህ አገር የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ፍሬው ሲደርስ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ ዛላው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው «ሂላ» በሚባል ክምር ቆሞ የሚደርቅበት ጊዜ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት ገና የሚሞቅበት ወራት። ሳሉግ የሚባለው ደገኛ የቀን ሠራተኛ በሺዎች ወደ ቆላው በሚወርድበት በዚያ ሰሞን የአገሬው ልጅ ከእርሻ ተነጥሎ ቤንች ላይ ይቀመጣል ማለት ዘበት ነው። በሚያዝያ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ከሰዓት በኋላ መማር ምን እንደሚመስል ለቆላ ሰው መንገር አያስፈልግም። ክረምት ሲገባ ዋልካው መንገዱን ይውጠዋል፤ መኪና በጭቃ ተይዞ ያድራል። ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በዚያው በክረምት መግቢያ፣ ከቤት ርቆ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ወባ አለ፤ ካላዛር አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተፈናቅለዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ድንበሩ ማዶ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በእሳት ውስጥ ናት፤ ስደተኛው በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲጎርፍ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ከጓደኞቹ ቀድሞ የተገኘ ልጅ ነጥቡ ዝቅ ማለቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ከፊት መቆየቱ ነው።

ይህ ለማንኛውም ትምህርት ይሠራል፤ ስለ ሕግ ለይተህ ለምን ጻፍህ የሚለኝ ይኖራል። ምክንያቱ የሕግ ሥራ ጠባይ ነው። የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በገለጉ የወረዳ ፍርድ ቤት ከሳሽ የሚከስሰው፣ ተከሳሽ የሚመልሰው፣ ዳኛው የሚጽፈው በአማርኛ ነው። በፌዴራል ደረጃም በነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የበላይነት ያለው የአማርኛው ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በችሎት የሚነበበው በአማርኛው ነው። ሕግ ማወቅ ማለት ፍሬ ነገሩን ከወሬው መለየት፣ የሁለት ወገን ቃል ሰምቶ የሚጋጨውን ማውጣት፣ ያመኑበትን በአሳማኝ ቃል መጻፍና መናገር ነው። አባቶቻችን ይህንን ችሎታ ያውቁት ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው የሚመዘነው በአደባባይ ቆሞ ነገሩን በሚያቀናበት ብልሃት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤትም ፍትሐ ነገሥት የሚማረው ደቀ መዝሙር ለማስተማር የሚበቃው መምህሩ ለዓመታት አይተው፣ አስቀጽለውና ጠይቀው ሲመሰክሩለት ነው እንጂ በአንድ ቀን ጥያቄ አይደለም። እኔ ወደዚያ እንመለስ አልልም። ነገር ግን ክብ ማጥቆር ከዚህ ችሎታ የሚለካው በጣም ጥቂቱን መሆኑን ማንም የሕግ መምህር ይስማማልኛል ብዬ አምናለሁ። ፈተናው አንድም ዓረፍተ ነገር አያስጽፍም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል አይደሉምና። ትልቁ የካርድ ነጥብ አይታመንም የሚለው ነው። እውነት አለው። በአገር አቀፉ ፈተና ሠላሳ ያመጣ ልጅ ካርዱ ላይ ዘጠና ተጽፎለት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ትምህርት ቤቶች ነጥብ ያድላሉ፤ አንዳንዱ ወላጅን ለማስደሰት፣ አንዳንዱ የወረዳውን ሪፖርት ለማሳመር። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የገባው በኩረጃና በፈተና ስርቆት ምክንያት መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ካርድ ደግሞ ከማንም ጥበቃ ውጭ ነው ሲባል የምንመልሰው ሊኖረን ይገባል። የኔ መልስ ይህ ነው፤ ነጥቡን አትመኑት፣ ደረጃውን እመኑት። መምህር ለስልሳ ልጆች ሁሉ ዘጠና ሊሰጥ ይችላል፤ ለስልሳው ሁሉ አንደኝነት ሊሰጥ አይችልም። አንደኛ አንድ ነው። ነጥብ ሲታደል ሁሉም አብሮ ይነሣል፤ ማን ከማን እንደሚቀድም ግን ባለበት ይቆያል። ደረጃም ሊሸጥ ይችላል ከተባለ፣ የአንድ መንፈቅ ደረጃ ይሸጥ ይሆናል፤ የስምንት መንፈቅ፣ የብዙ መምህራን፣ ያውም ጓደኞቹ ሁሉ ማን እንደሆነ በሚያውቁበት ትንሽ ከተማ ውስጥ አንደኝነትን መግዛት ከባድ ነው። በገለጉ ያለ አንድ ክፍል «አንደኛው ማነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ካርድ ሳይገለጥ ጣቱን ወደ አንድ ልጅ ይቀስራል።

ይህ ሐሳብ የሌላ አገር ምስክርም አለው። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከላይ አሥር ከመቶ ውስጥ የወጣ ተማሪ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዋስትና እንዲኖረው አደረገች፤ የመግቢያ ፈተና ነጥቡ ምንም ይሁን ምን። ከግዛቱ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የኦስቲኑ ነው፤ በዚህ በር የገቡት ተማሪዎች በፈተና ነጥብ ከሚበልጧቸው ጓደኞቻቸው እኩል፣ ብዙ ጊዜም በልጠው መማራቸውን ዩኒቨርሲቲው በራሱ መዝገብ አይቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ጋይዘርና ሳንተሊሴስ የተባሉ ተመራማሪዎች 80,000 ያህል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ውጤት መርምረው፣ ልጁ በዩኒቨርሲቲ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ከፈተናው ይልቅ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚናገር ጽፈዋል። እርግጥ ተቃራኒውም አለ። ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመግቢያ ፈተናን ትቶ ቆይቶ በ2022 እ.ኤ.አ. መልሶታል፤ ያለ ፈተና ከደሃ ትምህርት ቤት የሚመጣውን ጎበዝ መለየት አስቸገረን ብሎ። ይህንን መሸሸግ አይገባም፤ ደግሞም ክርክሬን አይጎዳውም። ያ ተቋም ፈተናውን የመለሰው ከካርዱ ጋር አጣምሮ፣ ልጁ ከምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደመጣ አይቶ ለማንበብ ነው። በሕግ ትምህርትም ቢሆን ኤልሳት የሚባለው ፈተና ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ የኖረባቸው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጥቡን ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ጎን አድርገው ነው የሚያዩት። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለበት አመልካች እዚያ የታወቀ ዓይነት ሰው ነው፤ ፋይሉ ይነበባል፣ ይከራከሩበታል፣ አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ ይቀራል። እኛ ዘንድ ፋይሉ አይከፈትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእንግሊዝኛ ነው። የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፈተና የወደቀ ልጅ ሕጉን እንዴት ያነባል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ጊዜ ነው። ቋንቋ በአንድ ዓመት በርትተው ካስተማሩት የሚሻሻል ነገር ነው። ነገር መለየትና መጽናት ግን ልጁ ይዞት የሚመጣው ነው። ሚኒስቴሩ ራሱ የሪሚዲያል ፕሮግራምን ሲጀምር ይህንኑ አምኗል፤ ሃምሳ ያልሞላለት ልጅ በጥቂት ወራት ትምህርት ተደግፎ ለዩኒቨርሲቲ ሊበቃ ይችላል ማለቱ ነው። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ከማዕከል ከሚመጣው ፈተና ጋር ተቋሙ ራሱ የሚሰጠው ምዘና መደመሩን ልብ በሉ። እንግዲህ ፈተናና የክፍል ውጤትን አንድ ላይ መመዘን ለሚኒስቴሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የሚታመነው የመምህር ምዘና፣ ከመግባቱ በፊት ለአራት ዓመት ሲሰጥ የኖረው ግን እንዳልነበረ የሚቆጠርበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ሦስተኛው ጥራት ይወድቃል የሚለው ነው። ደካማ ጠበቃ የደሃ ቤት ያፈርሳል፤ ደካማ ዳኛ ንጹሕ ሰው ያስራል። ይህንን ፍርሃት እኔም እጋራለሁ፤ ስለ ቆላው ፍትሕ የሚያስብ ሰው ርካሽ የሕግ ምሩቅ አይመኝም። ነገር ግን የሕግ ትምህርት በአገራችን ከመውጫው በኩል ከማንም በፊት የተጠበቀ ነው። ሌላው የትምህርት ዘርፍ በአብዛኛው የመውጫ ፈተና የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን የሕግ ተማሪዎች ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ሲፈተኑ ነበር። ከዚያም ወዲያ የጥብቅና ፈቃድ አለ፤ ዳኝነትና ዐቃቤ ሕግነትም የራሳቸው ምልመላ አላቸው። መግቢያውን ማስፋት መውጫውን ማስፋት አይደለም። በዚህ በር የገባ ልጅ ከሌላው ጋር ተሰልፎ ያንኑ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ካላለፈ አያልፍም።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ፍትሕን በፍትሕ ስም ይነካልና። ደብረ ታቦር ላይ ወይም አዳማ ላይ በላቡ ሃምሳ አምስት ያመጣ ልጅ ቦታውን ለምን አርባ ላመጣ የገለጉ ልጅ ይልቀቅ? አይልቀቅ። የምጠይቀው የማንንም ወንበር መውሰድ አይደለም፤ በጥቂት ቁጥር የተወሰነ፣ ከመደበኛው ቅበላ ውጭ የሚታይ መግቢያ ነው። ከዚህ አልፎ ግን ይህች አገር ለዓመታት የኖረችበትን አሠራር ማስታወስ ይገባል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ታዳጊ ለተባሉት ክልሎች ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተማሪዎች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ሲሰጥ ኖሯል። ትክክል ነበር። ግን መስመሩ የተሰመረው በአብዛኛው በክልል ነው። ቋራ በደቡብ በኩል ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጋር ይዋሰናል፤ ቆላው አንድ ነው፣ ሙቀቱ አንድ ነው፣ ወባው አንድ ነው፣ ጉሙዙም በወሰኑ ወዲህም ወዲያም ይኖራል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ልጅ ታዳጊ ሲባል ወዲህ ያለው ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከተማ ልጅ ጋር በአንድ ቋት ተቆጠረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ኢትዮጵያዊ ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል፤ በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። የድጋፉ መለኪያ ወረዳው ያለበት ሁኔታ ቢሆን ለሕጉ መንፈስ ይቀርባል።

ይህንን ሁሉ የምለው ለልጆቹ ብቻ ብዬ አይደለም፤ አካባቢው የሕግ ሰው ስለሚያስፈልገውም ነው። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ጠቡ ብዙ ነው። ከደገኛው ሳሉግ ጋር የደመወዝ ክርክር አለ፤ ሰፋፊ መሬት በያዙ ባለሀብቶችና በነባር ገበሬዎች መካከል የወሰን ክርክር አለ፤ የሰሊጥ ሽያጭ ውል ፈርሶ የሚነሣ ሙግት አለ። ድንበር ነውና የጉምሩክ ወንጀል፣ የኮንትሮባንድ፣ የሰው ዝውውር ክስ አለ። ሰው ታግቶ ገንዘብ የሚጠየቅበት ወንጀል የአካባቢውን ስም አጥቁሮታል። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በድንበሩ ላይ ባለው አወዛጋቢ መሬት በአልፋሽጋ ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከእርሻቸው የተነሡ ገበሬዎች ጥያቄ አለ። የስደተኛው ጉዳይ ራሱን የቻለ ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል፤ መብቱ ሥጋ የሚለብሰው ግን አቤቱታውን የሚጽፍ ሰው በአቅራቢያ ሲገኝ ነው። ከደጋ ተመድቦ የሚመጣ ባለሙያ ሙቀቱንና ወባውን ሳይለምድ ዝውውር ይጠይቃል፤ ይህ ከማንም የተሰወረ አይደለም። እዚሁ ተወልዶ፣ አማርኛውን ከጉሙዝኛው ወይም ከሱዳን ዓረብኛው ጋር ይዞ ያደገ ልጅ ተምሮ ሲመለስ ግን የሚቆይበት ምክንያት አለው። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ለሚፈልጉ ሰዎች በሩን ከፍቶ ማገልገሉን አውቃለሁ፤ ያ አገልግሎት ለሰው እስከ ቤቱ ድረስ የሚደርሰው ከየቤቱ የወጣ ተማሪ ሲኖረው ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። ሚኒስቴሩ በድንበርና በግጭት ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን ወረዳዎች ይለይ፤ ቋራና መተማ ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች ካሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአራት ዓመት ደረጃቸው ከሦስተኛ ያልወረዱና ለሪሚዲያል የሚያስፈልገውን ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች በሕግ ትምህርት ቤቱ እንዲጠሩ ይፍቀድ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱን ፈተና ያዘጋጅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ይህኛው ፈተና ግን ክብ የሚያስጠቁር መሆን የለበትም። አንድ ገጽ የማይሞላ የሁለት ጎረቤታሞች የወሰን ክርክር ይሰጣቸው፤ በአማርኛ ፍርድ ይጻፉበት፣ ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ በአጭሩ ይመልሱት። አራሚው ሁለት መምህር ይሁን፤ የተፈታኙ ስም ተሸፍኖ ይታረም። ያለፉት አንድ ዓመት በእንግሊዝኛና በንባብ ተደግፈው ወደ ሕጉ ይግቡ። በዚህ በር የገቡት ሁሉ ውጤታቸው በየዓመቱ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ከዓመታት በኋላ በመውጫ ፈተናው ከጓደኞቻቸው እኩል ሳይሆኑ ቢቀሩ አሠራሩ ይሻር፤ እኔም ስሕተቴን በዚህ ዓይነት ግልጽ ደብዳቤ አምናለሁ።

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አዋጅ ማሻሻልም አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ፤ ከ2014 ዓ.ም. በፊት መቁረጫ ነጥቡ እንደ ዩኒቨርሲቲዎቹ የመቀበል አቅም በየዓመቱ ሲወሰን ኖሯል፤ ሃምሳውም የመጣው በሚኒስቴሩ ውሳኔ ነው። በውሳኔ የመጣ ነገር በውሳኔ ይስተካከላል። የሚቀጥለው ምደባ ከመውጣቱ በፊት ከገለጉ፣ ከሽንፋ፣ ከኮኪትና ከመተማ ዮሐንስ ትምህርት ቤቶች የአንደኞቹን ካርድ ብቻ አስመጥታችሁ ከፈተና ውጤታቸው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። መልሳችሁ ምንም ይሁን ምን በጽሑፍ ይምጣልን፤ በየትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር
ገለጉ፣ ቋራ ወረዳ፣ ምዕራብ ጎንደር